ሰማንያ ኪሎ ያስከፈለኝ ክርክር

በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንዲት ያገለገለች ማዝዳ ኤምኤክስ-5 የተባለች ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ከዱባይ ለማስመጣት ስድስት ዓመት የቆጠብሁትን ገንዘብ አሰናድቼ ከአንድ አስመጪ ጋር ዋጋ እስከ መነጋገር ደርሼ ነበር። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ጸደቀና በአሮጌ መኪና ላይ የሚጣለው ታክስ እንደ ዕድሜው እስከ 500 በመቶ ሲደርስ፣ ያዘጋጀሁት ገንዘብ ለታክሱ እንኳ የማይበቃ ሆኖ ቀረ። በዚህ የተነሣ ከውጭ ላመጣት ያሰብኋትን ዓይነት መኪና እዚሁ አዳማ ውስጥ ፈልጌ፣ ገዝቼና አሠርቼ ለማግኘት ወሰንሁ፤ ይህ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀ፤ ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ወራት በሙሉ የባከኑ ነበሩ።

ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ወጪ በመዝገብ ይዣለሁ። ስለ ስፖርት መኪና ከወዳጆቼ ጋር የገጠምሁትን ክርክር ግን የያዝሁት በጭንቅላቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፖስታ ቤት አካባቢ ቡና የምንጠጣ ሦስት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ ሁለት ባጃጅና አንድ አይሱዙ የሚያሠራው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ እንዲሁም የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ጎረቤቴ። ለባለቤቴ ወንድም ነገሩ ገና ከመነሻው የተዘጋ ነበር። «ጋሼ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚጭን መኪና ማለት ጣሪያ የተገጠመለት ሞተር ሳይክል ነው፤ በዚያ ብር አንድ ባጃጅ ጨምረህ ማታ ማታ ገቢ ብትቀበል አይሻልህም?» ይለኛል። ንድፍ ሠሪው ደግሞ ዋጋውን ትቶ መልኳን ይተቻል። በእሱ ዓይን እ.ኤ.አ. በ1989 ቺካጎ ላይ የቀረበችው የመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5፣ መብራቶቿ ከኮፈኑ ውስጥ ብቅ የሚሉት፣ ፊቷ ፈገግ ያለ ሕፃን የሚመስለው፣ ለአሻንጉሊት እንጂ ለመኪና የማይሆን ቅርጽ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣችው ቶዮታ 86 ግን ረጅም ኮፈንና ቆጣ ያለ ዓይን ስላላት «ስፖርት መኪናነቷ ከሩቅ ይታወቃል»።

እኔ የምመልሰው ሁልጊዜ በኪሎ ነበር። የመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 1.6 ሊትር ሞተርና 115 ገደማ የፈረስ ጉልበት ብቻ ይዛ በአሜሪካ 13,800 ዶላር ተሸጣለች፤ ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች ስለነበረ ግን ያ ጉልበት ይበቃት ነበር። የማዝዳ ሰዎች አርአያ ያደረጓት የእንግሊዛዊው መኪና ሠሪ የኮሊን ቻፕማን ሎተስ ኤላን እ.ኤ.አ. በ1962 ስትወጣ ከ700 ኪሎ በታች ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ኤምኤክስ-5 ከፋብሪካ ስትወጣ፣ ብዙ ሰው ርካሽና ቀላል መኪናን እንደሚወድ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም። እንዲህ እያልሁ ስከራከር የኖርሁ ሰው የራሴን መኪና ሳገኝ ያደረግሁት ግን የተገላቢጦሹን ነው።

መኪናዋን ያገኘኋት ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ግቢ ውስጥ፣ ግራር ሥር፣ ዶሮ የሚያድርባት ሆና ነው። ፊያት 850 ኩፔ ናት። ይህች ዓይነት መኪና እ.ኤ.አ. በ1965 ጄኔቫ ላይ ስትቀርብ ለተራው የፊያት 850 የተሠራውን ሻንሲና ሞተር ይዛ፣ ከላይ ግን የሚያምር ቀሚስ ለብሳ ነው፤ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ 843 ሲሲ፣ 47 የፈረስ ጉልበት፣ ከፊት ዲስክ ፍሬን። በዚያው ዓመት ጃፓን ውስጥ ቶዮታ ስፖርትስ 800 ወጥታለች፤ እሷም 45 የፈረስ ጉልበትና 580 ኪሎ ብቻ ነበራት። ሁለት የማይተዋወቁ ፋብሪካዎች በአንድ ዓመት አንድ ዓይነት ሐሳብ ማምጣታቸው ዛሬም ይገርመኛል፤ ተራው ሰው የሚገዛውን መኪና አካላት ወስዶ፣ አሳንሶና አቅልሎ ደስ የሚያሰኝ ነገር መሥራት።

በ85,000 ብር ገዛኋት። እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ አድርጌአለሁ፤ ላሜራውን ከማየቴ በፊት ሊብሬውን አየሁ፤ በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ከብረቱ ጋር መግጠሙን በእጄ ዝገቱን ፍቄ አረጋገጥሁ። እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ላሜራው ቢበሰብስ ባትላሜራ ያድሰዋል፤ የቁጥር ልዩነት ግን ስም ለማዛወርና ቦሎ ለመውሰድ በተሄደ ቁጥር የሚነሣ ጣጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ጥፋቴ ጀመረ። የንድፍ ሠሪው ትችት ሳላውቀው ውስጤ ገብቶ ኖሮ፣ መኪናዋ ገና ሞተሯ ሳይነሣ መልኳን ላስቆጣ ተነሣሁ። ባለ 15 ኢንች ሰፋፊ ቸርኬና ጎማ በ38,000 ብር፣ የፋይበር ክንፍና የጎን ቀሚስ በ14,000፣ ከኋላ ወንበሩ ቦታ የሚቀመጥ ትልቅ የድምፅ ማጉያ ከተጨማሪ ባትሪ ጋር በ9,000 ብር አስገጠምሁ። ሥራውን የወሰደው ጋራዥ ፓራፋንጎውን ለጎማው ሲል ቆርጦ፣ የቆረጠውን በወፍራም ስቱኮ ሞልቶ ቀባልኝ። በፎቶ ላይ ቆንጆ ነበረች። ስነዳት መሪዋ እንደ አይሱዙ መሪ ከበደ፣ መንገዱ ወጣ ገባ ባለ ቁጥር ጎማው ፓራፋንጎውን ይፍቀዋል፣ የአሰላን መንገድ ይዤ ከአዋሽ መልካሳ አልፌ ዳገቱን ስጀምር ደግሞ አንድ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ጥሩምባ እየነፋ አለፈኝ። ሾፌሩ የባለቤቴ ወንድም አልነበረም፤ ወሬው ግን ከእኔ በፊት ደረሰው።

ነገሩን የገለጠልኝ ሚዛን ነው። እህል የጫኑ መኪናዎች የሚመዘኑበት ምድር ሚዛን ላይ አንድ እሑድ ጠዋት ለምኜ አወጣኋት፤ 820 ኪሎ ሆነች። ሚዛኑ በ20 በ20 ኪሎ የሚዘል ስለሆነ ጥቂት ግራ ቀኝ ሊል ይችላል። ከዚያ የጨመርሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አስፈትቼ በባስኩላ መዘንሁ። ቸርኬና ጎማው ከዋናው ባለ 13 ኢንች ጋር ሲነጻጸር በእያንዳንዱ ጎማ ዘጠኝ ኪሎ፣ በአራቱ በድምሩ 36 ኪሎ ይበልጣል፤ ድምፅ ማጉያውና ባትሪው 28 ኪሎ፤ ፋይበሩና ተፍቆ የወጣው ስቱኮ 16 ኪሎ ሆነ። በድምሩ 80 ኪሎ መልክ ገዝቼ ነበር፤ ማለትም አንድ ትልቅ ሰው የማይወርድ ተሳፋሪ ሆኖ ከእኔ ጋር ተቀምጦ ነበር። ከሁሉ የከፋው የቸርኬው ክብደት ነው፤ ከሞላና ከባሌስትራ በታች ያለ ክብደት ጉድጓድ በነካ ቁጥር አብሮ ይዘላል፣ መኪናዋ ስትነሣና ስትቆምም ደግሞ ወደ ፊት ከመገፋቱ ሌላ መሽከርከሩም መጀመርና መቆም ስላለበት ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። ጉልበቷ ለተረፈ መኪና ይህ ላይታወቅ ይችላል፤ 47 የፈረስ ጉልበት ላላት ግን እያንዳንዱ ኪሎ ይሰማል።

በዚህ ጊዜ ጋራዥ ቀየርሁ። ከጣሊያን መኪና ጋር ያረጁ አንድ አዛውንት ባትላሜራ አገኘሁና የተቆረጠውን ፓራፋንጎ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ በጣታቸው ሲዳስሱት ቆይተው፣ «ልጄ፣ ይህን መስመር የሠራው ሰው ሞኝ መስሎህ ነው ያረምኸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለት ወር ሙሉ ስቱኮውን አውጥተው በላሜራ ተኩት፤ መስመሩ ከበሩ ተነሥቶ ወደ ኋላ መብራቱ ሲፈስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ንድፍ ሠሪው ጎረቤቴም ቀለም ሳትቀባ ጋራዥ መጥቶ አይቷት ዝም አለ፤ ከብዙ ዝምታ በኋላ «ቀጭን ጎማ ላይ ሲቆም ነው ለካ የሚያምረው» አለ። እኔም ከዚያ ወዲህ የመኪና መልክ የምለው በአካሉና በጎማው መካከል ያለውን ልክ ነው፤ ትንሽ መኪና ላይ ትልቅ ጎማ ሲገባ አካሉ ይኮሰምናል እንጂ አይቆጣም።

ሞተሩ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ 15 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ስለዚህ የእኔ 47 ፈረስ እዚህ 40 ያህል ብቻ ነው፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የመጀመሪያው መካኒክ ጉልበት ለመጨመር ብሎ የካርቡራተሩን ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ፣ በትልቅ ቀይሮት ነበር፤ አየሩ በሳሳበት ቦታ ቤንዚን መጨመር ማለት ግን ካንዴላውን በጥላሸት መሙላት ብቻ ነው። ወደ ትንሽ ጂግለር ስንመልሰው ጥቁር ጭሱ ጠፋ፣ ዳገትም መውጣት ጀመረች። ከዋናው ባለ ሁለት ጉሮሮ ዌበር ካርቡራተር ሌላ ምንም አልጨመርሁም። የፍሪሲዮኑን ሸራ፣ የፊት ኩሽኔታዎችንና የፍሬኑን ጎማዎች በአብዛኛው ከአዲስ አበባ አሮጌ ዕቃ ተራ ለቅሜ አገኘሁ።

የጎማ ነፋስ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ሊገለብጠኝ ተቃርቦ ነበር። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ አብዛኛው ክብደት ኋላ ላይ ነው፤ አራቱንም ጎማ እኩል አስነፍቼ ወደ ሶደሬ ስወርድ አንድ መታጠፊያ ላይ ፈጥኜ ገባሁና ደንግጬ እግሬን ከነዳጁ ላይ ሳነሣ ኋላዋ ተንሸራትቶ ሊቀድመኝ ሞከረ። የፊቱን ቀነስ የኋላውን ጨመር አድርጎ ማስነፋት፣ ከመታጠፊያው በፊት መቀዝቀዝ፣ ከገቡ በኋላ ግን እግርን ሳያነሡ በዝግታ መስጠት እንደሚገባ ያን ቀን ገባኝ። በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ደግሞ ጠላቷ ነፋስ ነው፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በተተከለበት አገር 740 ኪሎ መኪና ይዞ ከአንድ ተሳቢ ጎን ብቅ ማለት መሪን በሁለት እጅ መያዝ ይጠይቃል።

አሁን ወደ መዝገቡ ልመለስ። ግዢው 85,000፣ ስፈታው የኖርሁት ጌጥ 61,000፣ ላሜራና ቀለም 54,000፣ ሞተር 48,000፣ ፍሬንና ባሌስትራ ከኩሽኔታ ጋር 31,000፣ ፎደራና ልዩ ልዩ 17,000 ብር፤ ሰፋፊውን ቸርኬ በ20,000 ስለሸጥሁት ጠቅላላው 276,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 41,000 ብር ንጹሕ ኪሳራ ነው፤ በእኔ መኪና ላይ ያለ ጥቅም የወጣ ትልቁ ገንዘብ የወጣው መልክ ለመጨመር ነው። መዝገቡ የማይዘው ጊዜ ደግሞ አለ፤ ስድሳ ያህል ቅዳሜና እሑድ ጋራዥ ውስጥ አልፏል፤ ባለቤቴ ይህን ቁጥር ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለች። «ርካሽ ስፖርት መኪና» ሲባል ርካሽ የሚሆነው መለዋወጫው በየቀኑ ከሚታይ መኪና ጋር አንድ ሲሆን ነው። ፋብሪካው ይህን ያውቅ ስለነበር ነው ከተራው 850 የወሰደው፤ ዛሬ እኛ ዘንድ ተራው 850 ራሱ ስለጠፋ ያ ጥቅም አብሮ ጠፍቷል። እንደገና ብጀምር ኖሮ ለኩፔዋ አንድ ብር ከማውጣቴ በፊት አንድ የማትሄድ ተራ 850 ለመለዋወጫ ገዝቼ አስቀምጥ ነበር።

የባለቤቴ ወንድም አሁንም አልተሸነፈም፤ እንዲያውም አዲስ መከራከሪያ አግኝቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በከተማችን የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ «ጋሼ፣ አንድ ኤሌክትሪክ መኪና መብራት ላይ አንተን ጥሎህ ይሄዳል፣ ያውም አምስት ሰው ጭኖ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ጥሎኝ ይሄዳል። እኔ ግን የባትሪው ክብደት ብቻ በመቶ ኪሎዎች የሚቆጠረውን መኪና ነድቼ አይቻለሁ፤ ፍጥነቱ ደስ ይላል፣ መታጠፊያ ላይ ግን መንገዱ ምን እንደሚል አይነግረኝም። የእኔይቱ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንኳ የጠጠሩን ዓይነት በመሪው ታወራለች። ይህን ስነግረው «እኔ በባጃጄም ጠጠሩን እሰማዋለሁ» ብሎ መለሰልኝ፤ ለዚህ እስካሁን ጥሩ መልስ አላገኘሁም።

አሁን የቀረን ጠብ ስለ ፓራውልት፣ ስለ ግጭት መከላከያው ብረት ነው። የፊትና የኋላው ፓራውልት ከነመያዣው በባስኩላው 11 ኪሎ መዝኗል፤ እኔ አውጥቼ ዕቃ ቤት ሰቅዬዋለሁ። ንድፍ ሠሪው ያለ እሱ ፊቷ ጥርስ እንዳጣ ሰው ነው ይላል፤ አዛውንቱ ባትላሜራም ከእሱ ጋር ወግነዋል። ባለፈው ቅዳሜ መኪናዋን ቡና ቤቱ ፊት አቁመን፣ ፓራውልቱን ሁለት ሰው ይዞላት፣ ሦስተኛው ከመንገዱ ማዶ እየተመለከተ አንድ ሰዓት ያህል ተከራክረናል። እኔ በ11 ኪሎው እንደጸናሁ ነኝ፤ ከመንገዱ ማዶ የቆምሁት እኔ በነበርሁበት ጊዜ ያየሁትን ግን ለሁለቱም አልነገርኋቸውም።