እማዬና የዋሽንግተን ሰመር

ከአገር ቤት ወላጅ አስመጥቶ የሚያውቅ ሰው ይሄን ያውቀዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ዘመድ ይጎርፋል፣ ቡና ይፈላል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ይበተንና እናት አፓርታማ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጋር ትቀራለች። "ልጄ፣ ይሄ አገር እስር ቤት ነው እንዴ?" ያላለች እናት እስካሁን አላጋጠመችኝም። የኔዋም ሳትውል ሳታድር አለችው።

የምንኖረው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ እኔ ኡበር እነዳለሁ። ሰዓቴ በእጄ ቢሆንም ያልነዳሁበት ሰዓት ገንዘብ የለውም። ስለዚህ እማዬን ላዝናናት ስነሳ የማስበው ሁለት ነገር ነበር፤ ነጻ መሆኑንና ማታ ሥራ ሳይመሽብኝ ማለቁን። ዋሽንግተን ደግሞ በነጻ ነገር አትታማም። ከግንቦት ማብቂያ እስከ መስከረም መግቢያ በየሜዳው ሙዚቃ፣ ሰልፍ፣ ባዛር አለ። ስነዳ የማያቸው የተዘጉ መንገዶች ምንጫቸው ይሄው ነበር፤ ለዓመታት ስረግማቸው ኖሬ አሁን በር በሩን የማውቅ አስጎብኚ አደረጉኝ።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እናቱን በዚህ ያስጨንቃል። እማዬ የእጅ ሰዓቷን እንደ አዲስ አበባ አቆጣጠር እንደሞላች ነው የመጣችው፤ አልነካሁባትም። በሰመር እዚህ ቀትር 12 ሲሆን አዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። የሷ ሰዓት ከኔው የሚበልጠው በአንድ ብቻ ነው ማለት ነው። "አንድ ቀንሺ" ብያት አለቀ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሰዓት ግን በዚህ አገር አቆጣጠር ነው።

ዋናው ሥራ ምርጫው ነበር። ጓደኞቼ "እገሌ የሚባል ባንድ አለ፣ ፌስቲቫሉ የታወቀ ነው" እያሉ ይልኩልኛል። እኔ ደግሞ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ እማዬ የት ትቀመጣለች? ጥላው ከሰዓት በኋላ በየት በኩል ነው የሚወድቀው? ሽንት ቤቱ ስንት እርምጃ ይርቃል? ሲያልቅ ከሕዝቡ ቀድመን በየት እንወጣለን? ጉልበት የሚያማት የሰባ ዓመት ሴት ይዞ የሚወጣ ሰው ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ከሌለው፣ መድረኩ ላይ ማንም ቢወጣ ደስታ የለም።

ከመኪናዬ ኋላ የማይወርድ ዕቃ ነበረኝ። ሁለት የሚታጠፉ ወንበሮች (መደገፊያና ክንድ ያላቸው፤ ክንድ የሌለው ለመነሳት ያስቸግራል)፣ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላዋ፣ ሌሊት በረዶ ቤት ያደረ የውሃ ጠርሙስ፣ ነጠላ። ጋቢዋን ይዛ ልትወጣ ስትል ነው ሙቀቱን ያልነገርኳት መሆኑ ትዝ ያለኝ። በሐምሌ እሷ የምታውቀው ዝናብና ጭጋግ ነው፤ እዚህ አማካዩ የቀን ሙቀት 32 ዲግሪ ይደርሳል፣ ወበቁም ልብስ ያጣብቃል። ቦርሳዋ ውስጥ ደግሞ ስሜ፣ ስልኬና አድራሻችን በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ካርድ አስገባሁ። ሕዝብ ሲበዛ ስልክ አይሠራም፤ እንግሊዝኛ የማትናገር እናት ብትጠፋ ካርዱን ለፖሊስ መስጠት ይበቃታል።

መጀመሪያ የወሰድኳት ስሚዝሶኒያን (የአገሪቱ የሙዚየሞች ተቋም) በየዓመቱ ወደ ሐምሌ 4 (እንደ ፈረንጅ) አካባቢ ናሽናል ሞል ላይ የሚያዘጋጀው የባህል ፌስቲቫል ነበር። ከ1967 ጀምሮ ያለ ነው፣ የመግቢያ ክፍያ የለውም። ሞል ማለት ከካፒቶል (ከምክር ቤቱ ሕንጻ) እስከ ሊንከን ሐውልት ወደ 3 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ ሜዳ ነው፤ ድንኳን ይተከልበትና ከየአገሩ የመጡ ሸማኔዎች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ሙዚቀኞች፣ ምግብ አብሳዮች ሥራቸውን እዚያው እየሠሩ ያሳያሉ። ጎብኚው ቆሞ ፎቶ አንስቶ ያልፋል። እማዬ ግን ከአንዲት ሸማኔ ፊት ወንበሯን አስዘረጋችኝ። ወጣትነቷን ጥጥ ስትፈትል ነው ያሳለፈችው። የተንጠለጠለውን ጨርቅ አንስታ ፊቱን ሳታይ በቀጥታ ጀርባውን ገለበጠች፣ ዳር ዳሩን በጣቷ ዳሰሰች፣ ከዚያ "ድሩን ለማድራት ስንት ቀን ፈጀባት በላት" አለችኝ። ሴትየዋ ሳቀችና "ጀርባውን የሚያየው የሚሠራው ሰው ብቻ ነው" አለች። ከዚያ በኋላ የኔ አስተርጓሚነት እምብዛም አላስፈለገም፤ በእጅ ተግባቡ። አንድ ሰዓት ሙሉ። እኔ ጃንጥላ ይዤ ቆምኩ።

የሞል ትልቁ ጥቅም ግን ግራና ቀኙን ያሉት ሙዚየሞች ናቸው። ነጻ ናቸው፣ ቀዝቃዛ ናቸው፣ ንጹህ ሽንት ቤት አላቸው፣ አብዛኞቹ እስከ 5:30 ክፍት ናቸው። ውስጥ ለውስጥ የሚገፋ ዊልቸርም በነጻ ያውሳሉ፤ ቀድሞ ለመጣ ነው። የኛ ሥርዓት አንድ ሰዓት ሜዳ፣ አንድ ሰዓት ሙዚየም ሆነ። ለጉልበቷም ለደም ግፊቷም ያዳናት ይሄ ነው። በመሄጃ በኩል ደግሞ ድሮ ሞሉን በአንድ ዶላር የሚዞረው ሰርኩሌተር አውቶቡስ በ2024 መጨረሻ ስለቆመ የሰው ምክር ሰምታችሁ አትጠብቁት። ሜትሮ ባቡሩ ግን 65 ዓመት ለሞላው ሰው ግማሽ ዋጋ አለው፤ ዕድሜ የሚያሳይ መታወቂያ ይዞ ካርዱን ማውጣት ነው።

ምግቡ ላይ ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነገር ነበር፤ ጾም። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፣ እንደ ፈረንጅ ሐምሌ 12። ፌስቲቫሉም የነጻነት በዓሉም የሚውሉት እዚያው ጾሙ ውስጥ ነው። ምግብ ከሚሸጥባቸው መኪኖች፣ ከፉድ ትራኮቹ ሰልፍ ፊት ቆመን አንድ በአንድ ብተረጉምላት ሁሉም ሥጋ፣ ሁሉም ቺዝ። ስለዚህ የሱፍ ፍትፍት በላስቲክ ሳህን፣ ቆሎ፣ ብርቱካን ከቤት እንይዛለን። ከጎናችን የተቀመጡ ፈረንጆች ቆሎውን "ምንድን ነው?" ብለው ጠይቀው ቀምሰው፣ ሁለተኛ ዘገኑ። የፉድ ትራክ ዋጋ ላየ ሰው ደግሞ ጾም በረከት ነው።

የሐምሌ 4 ርችት ሲደርስ ቤተሰቡ ሁሉ ሞል ካልሄድን አለ። እምቢ አልኩ። ፍተሻው ረጅም ነው፣ ከርችቱ በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ሜትሮ ይወርዳል፤ እማዬን ይዤ እዚያ መሃል አልገባም። ሌላም ነገር አለ። እሷ በሕይወቷ የሰማችው ፍንዳታ ለበዓል የተተኮሰ አልነበረም። ከወንዙ ማዶ፣ ቨርጂንያ በኩል፣ ራቅ ካለ ኮረብታ ላይ አየነው። ከሩቅ ሲሆን ብርሃኑ ይቀድምና ድምፁ ዘግይቶ፣ ለስልሶ ይመጣል። አማትባ ጀመረች፣ ኋላ ላይ ቀለም መምረጥ ያዘች፤ "ያ አረንጓዴው ይደገም" እያለች።

ከሁሉ የወደደችው ማክሰኞ ማታ የሚደረገውን የማሪን (የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር) ሰልፍ ነው። አርሊንግተን ውስጥ፣ ስድስት ወታደሮች ባንዲራ ሲያቆሙ ከሚያሳየው ትልቅ ሐውልት ሥር፣ በሰመር ወራት ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጀምራል። ነጻ ነው፣ ሣሩ ላይ የራስህን ወንበር ዘርግተህ ትቀመጣለህ፣ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው የሚፈጀው። (ዓርብ ማታ ከተማ ውስጥ በካምፓቸው የሚያደርጉትም አለ፤ ለዚያኛው ግን ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል።) ለእማዬ ማክሰኞ መሆኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ የጾም ቀን አይደለም። መጀመሪያ የሙዚቃ ጓዱ ይወጣል፣ ቀጥሎ 24 ወታደሮች ያለ አንዲት የቃል ትእዛዝ ሳንጃ የተሰካበት ጠመንጃ እያሽከረከሩ ይሠለፋሉ። ሕዝቡ ጭጭ ይላል፤ የሚሰማው የጫማና የእንጨት ድምፅ ብቻ ነው። "አባባ ይሄን ቢያይ" አለች።

አባቷ፣ ማለት አያቴ፣ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ፤ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። ስለዚህ በሌላ ቀን ሊንከን ሐውልት አጠገብ ወዳለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ወሰድኳት። ጎብኚው ሁሉ የሚያየው ዝናብ ልብስ ለብሰው የሚራመዱትን የብረት ወታደሮች ነው። በሰሜን በኩል ግን፣ ከእግር በላይ እምብዛም ከፍ የማይል የድንጋይ ጠርዝ አለ፤ ጦር ወይም የሕክምና ቡድን የላኩት 22 አገሮች ስም እዚያ ላይ ተቀርጿል። ኢትዮጵያ አለች። ካልጎነበሱ አይታይም። እማዬ ጎንበስ ማለት ስለማትችል ወንበሯን እዚያው ዘርግቼ ተቀመጠችና በዣንጥላዋ ጫፍ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየነካች አነበበች። የላቲን ፊደል ማንበቧን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ማዕከሉ ሐውልቶች ያሉበት የአትክልት ሥፍራ ውስጥ ዓርብ ማታ የሚደረገው ጃዝ በጣም የታወቀ ነው፤ አሁን መግቢያው በዕጣ ሆኗል፣ በኢንተርኔት ሞክሬ ደረሰን። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጫወቱ በኋላ "ልጄ፣ ሙዚቃው መቼ ነው የሚጀምረው?" አለችኝ። ፏፏቴው ጥሩ ነበር።

እሑድ ግን ሌላ ነው። አሥራ ስድስተኛው መንገድ ላይ ያለው ሜሪድያን ሂል፣ ሰው ማልኮም ኤክስ ፓርክ የሚለው፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከበሮ ይመታበታል። አዘጋጅ የለውም፣ መድረክ የለውም፣ ፕሮግራም የለውም፤ ከበሮ ያለው ይዞ ይመጣል፣ የሌለው ይጨፍራል። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነጭ በነጭ እንደለበሰች ነው የወሰድኳት፤ የዛፍ ጥላና አግዳሚ ወንበር ሞልቷል። ለቅሶ ደራሽ በመሰለ ጸጥታ ትንሽ ቆየችና እጇ ጉልበቷ ላይ መምታት ጀመረ። ከመቺዎቹ አንዱ፣ ድሬድ ያለው ጎልማሳ፣ አይቷት ከበሮውን አምጥቶ እግሯ ሥር አኖረላት። እማዬ በማኅበር ከበሮ የምትይዝ ሴት ናት። ቀኝ መዳፏን ከመሃል፣ ግራዋን ከጠርዙ እያደረገች ዝግ ያለውን፣ የመዝሙሩን አመታት ጀመረች። እነሱ ፈጣን ናቸው፤ ትንሽ ተጋጩ፤ ቀጥሎ ሁለቱ ትልልቅ ከበሮዎች ወደሷ ዝግ አሉ። ልጄ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ፣ ቪዲዮው አዲስ አበባ ከኛ ቀድሞ ደረሰ። የማኅበሯ ሴቶች "መናፍቅ ሆነሽ ነው ወይ?" ብለው ደውለዋል።

ከዚያ ወዲህ የፎቃችን ነዋሪ የሆኑ ሌላ እናት አብረውን መውጣት ጀመሩ፤ እሳቸውም ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ ናቸው። ይሄን ከመጀመሪያው ሳምንት ማድረግ ይቻላል፣ እናንተ አትዘግዩ። ሁለት ሲሆኑ ሙዚቃ ባይጥም ወሬ አለ፤ አንዷ ሽንት ቤት ስትሄድ ሌላዋ ዕቃ ትጠብቃለች፤ እኔም ዘወር ብዬ መኪና የምፈልግበት ጊዜ አገኛለሁ። ያኛዋ እናት ልጅ ቤንዚኑን ይጋራኛል፣ እምቢ ብለውም አይሰማም።

ስለ ዝናብ አጭሩን ልንገራችሁ። እዚህ አገር ወደ 4 እና 5 ሰዓት ሰማዩ በምዕራብ ከጠቆረ ነጎድጓድ ነው፤ ዝግጅቱም ወዲያው ይሰረዛል። ዛፍ ሥር መጠለል የለም። ከቤት ስወጣ ስልኬ ላይ ራዳሩን አያለሁ፣ ቅርብ ያለውን ሙዚየም ወይም ሜትሮ ጣቢያ ልብ እላለሁ። እማዬ "ይሄ ዝናብ ነው?" ብላ የአዲስ አበባን ሐምሌ ትተርክልናለች።

ፍልሰታ ሲገባ፣ ነሐሴ 7 እንደ ፈረንጅ፣ ፕሮግራማችን ተገለበጠ። እስከ 3 ሰዓት ድረስ ውሃ እንኳ አትቀምስም፣ ስለዚህ በዚያ ሙቀት የቀን ዝግጅት በሙሉ ሰረዝኩ። ከቅዳሴ በኋላ አርፋ፣ ቀምሳ፣ ከ6 በኋላ የሚጀምረውን ብቻ። ቡሄን ያከበርነው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው፤ እዚህ የተወለዱት ልጆች ሆያ ሆዬን ከወረቀት እያነበቡ ሲጨፍሩ፣ ችቦውም ከመኪና ማቆሚያው ጥግ፣ ውሃ ቱቦ ተዘጋጅቶለት ተለኮሰ። ሙልሙሉን የጋገሩት እናቶቹ ናቸው፣ እማዬም አንዷ።

አሁን ለሚመጣው ዓመት ትኬት ቁረጥ ትለኛለች፤ ቅድመ ሁኔታ ግን አላት። ከሐዋርያት ጾም ፍቺ በኋላ መጥታ ፍልሰታን ለመጾም አገሯ መግባት ነው የምትፈልገው። ቆጠርኩት፣ አንድ ወር አይሞላም። በዚያ ዋጋ አውሮፕላን ለአንድ ወር አላመጣሽም ብያታለሁ፤ ገና እየተከራከርን ነው።