«እንደውልልሻለን»

ሐሙስ ማታ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ቀጠርን። ለአንዲት ቦታ 312 ሰው አመልክቶ ነበር። ራት ተበልቶ፣ ልጆች ተኝተው፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ እንኳ ሐሳቤ ከቀሩት 311 ሰዎች ጋር ነው። ስለዚህ ደብተሬን አወጣሁ።

በ2001 ስመረቅ ሥራ የምንፈልገው አራት ኪሎ ነበር። ረቡዕና እሁድ ሪፖርተር ሲወጣ አዟሪዎቹ ጋ እንሄዳለን። መግዣው ስለሚከብደን እንከራያለን። ድንጋይ ላይ ተደርድረን የማስታወቂያውን ገጽ እየተቀባበልን፣ አድራሻውን ደብተራችን ላይ ገልብጠን እንመልሳለን። አንድ ቦታ ተፈትኜ አለፍኩ። ቃለ መጠይቁም ደህና ሄደ። ሲሸኙኝ «እንደውልልሻለን» አሉኝ።

ሞባይል ስላልነበረኝ ሲቪዬ ላይ የጻፍኩት የቤት ስልክ ነበር። እማዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣችም። ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሲጮህ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትሮጣለች። አንድ ቀን የሰፈር ሰው አርፎ ተጠራች። ለቅሶ ቀርታ የማታውቅ ሴት «እኔ ስወጣ ቢደውሉስ?» ብላ እኔ እስክመለስ ጠበቀች። ቀብሩ አለፋት። አልደወሉም። ቦታው እኔን በሸኙበት ሳምንት ሰው እንደተቀጠረበት የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቀጣሪ ሆንኩ። እውነቱን ልጻፍና፣ ለብዙ ዓመት እኔም አልደወልኩም። ሰው ይበዛል፣ ሥራ ይደራረባል። ደግሞ «አላለፉም» ማለት አፍ ላይ ይከብዳል። የተመረጠው ሰው ውል እስኪፈርም እንጠብቅ እንላለን፤ ከፈረመ በኋላ ደግሞ ይረሳል። ምክንያት ሁልጊዜ አለ። እማዬ ካረፈች በኋላ ግን ያ የምስር ሰፌድ ከዓይኔ አልጠፋም። አሁን ለፈተና ላልተጠሩት አጭር የጽሑፍ መልእክት እልካለሁ፦ «ላመለከቱበት ቦታ ለፈተና የተመረጡትን ጠርተናል፤ በዚህ ዙር አልተመረጡም። ስላመለከቱ እናመሰግናለን።» መጥቶ ለተፈተነ ሰው ግን እደውላለሁ። ወጪ አውጥቶ፣ ሸሚዝ ተኩሶ፣ ታክሲ ተሰልፎ ለመጣ ሰው መልእክት አይበቃውም።

ስለ ማስታወቂያው ልጻፍ፤ ጥፋቱ የጀመረው እዚያ ነው፣ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። የዓምናውን ከፍቼ ቀኑን ቀየርኩና ለቀቅሁት። «በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ። የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመት። ደመወዝ፦ በስምምነት። ዋስ ማቅረብ የሚችል/የምትችል።» የሚቀጠረው ሰው ጠዋት ገብቶ ምን እንደሚሠራ የሚናገር አንድ መስመር የለውም። እንዲህ ከሆነ ዲግሪ ያለው ሁሉ ቢያመለክት ምን ይገርማል? የሚቀጥለው ማስታወቂያዬ ከሥራው ይጀምራል፦ በየወሩ የሦስት ባንክ ሒሳብ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ማስታረቅ፣ የ60 ሠራተኛ ደመወዝ መሥራት፣ ቫት ማሳወቅ። ያን ያነበበ ሰው ራሱን ይመዝናል።

«በስምምነት» የሚለውንም አወጣዋለሁ። አንዱ ወገን ብቻ ቁጥሩን እያወቀ ምን ዓይነት ስምምነት ነው? በዚህኛው ዙር አንድ ልጅ ከአዳማ ሌሊት ተነስቶ መጣ። ፈተናውን አለፈ፣ ቃለ መጠይቁንም አለፈ። መጨረሻ ላይ የእኛ ጣሪያ አሁን ከሚያገኘው በታች ሆኖ ተገኘ። የትራንስፖርቱን ብርና ከሥራ የቀረበትን ቀን ያስከፈልነው እኛ ነን። ቁጥሩን አስቀድመን ብንጽፍ ኖሮ እቤቱ ያድር ነበር።

ሥራ ፈላጊም ስለ ደመወዝ ሲጠየቅ ማፈር የለበትም። ግን ያልተጣራውንና እጅ ላይ የሚገባውን ለይቶ ይወቅ። ብዙ ሰው «20,000» ተብሎ ይስማማና የመጀመሪያ ወር ላይ ተቆጥቶ ቢሮዬ ይመጣል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ከ14,000 በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። በዚህ ስሌት ከ20,000 ላይ 4,950 ብር ለግብር ይሄዳል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው፣ 1,400 ብር። እጅ ላይ የሚገባው 13,650 ነው። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ጡረታ ስለሚጨምር 22,200 ብር ያወጣል። አንድ ሰው 20,000 ወደ ቤት መውሰድ ፈልጎ «20,000» ካለ፣ በአፉ ከስድስት ሺህ ብር በላይ ቀንሶ ሰጠ ማለት ነው። «የተጣራ ነው ያልተጣራ?» ብሎ መጠየቅ ምንም ነውር የለውም። እኔ እንዲያውም የሚጠይቀውን ሰው አከብረዋለሁ።

ሲቪዎቹን ለማንበብ ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። «ታታሪ፣ ጫና የምቋቋም፣ በቡድን መሥራት የምወድ።» ሁሉም ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ይችላል። እንደዚያ ተጽፎ ሳይ ሰውዬው አይታየኝም። ከመሐል ግን አንድ ልጅ እንዲህ ጻፈ፦ «በየወሩ የ46 ሠራተኛ ፔይሮል እሠራለሁ። የሁለት ባንክ ሒሳብ አስታርቃለሁ። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ሒሳብ እዘጋለሁ።» ሦስት መስመር ነው። ወዲያው ለይቼ አስቀመጥኩት። ሥራውን እየሠራ አየሁታ!

ሌላው ስልክ ነው። 18 ሰው ለፈተና ስንጠራ የሁለቱ ስልክ መጀመሪያ ላይ ዝግ ነበር፤ በስንት ፍለጋ አገኘናቸው። ሲቪ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፉ፤ አንዱ የእናት፣ የእህት ወይም የጓደኛ ይሁን። ስማችሁን ፋይሉ ላይ ጻፉ፤ «ሲቪ አዲስ» የሚባል ፋይል እኔ ጋ ሃያ አለ። ለፎርም፣ ለሥልጠና፣ ለዩኒፎርም እያለ ብር የሚጠይቅ «ቀጣሪ» በቴሌግራም ካጋጠማችሁ ደግሞ ሌባ ነው፤ ጊዜ አታጥፉበት።

ከ18ቱ ውስጥ አራቱን የቀላቀልኩት በራሴ ነው። የሥራ ልምዳቸው 0 ዓመት ነው። «ልምድ የሌለው ማን አምጣ አለሽ?» ተብዬ ነበር። ይፈተኑ ብያለሁ፣ ወረቀት አይጎዳንም።

ፈተናው 40 ደቂቃ ነው። የባንክ መግለጫና የድርጅት መዝገብ ሰጥተን አስታርቁ እንላለን። ሦስት ነገር ደብቄበታለሁ፦ ባንክ ያልደረሰ ቼክ፣ ያልተመዘገበ የባንክ አገልግሎት ክፍያ፣ እና 5,400 መባል ሲገባው 4,500 ተብሎ የገባ ቁጥር። ሁለቱን ብዙዎቹ ያገኛሉ። ከዚያ 900 ብር ይተርፋቸውና ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር መፈለግ ይጀምራሉ፤ ሰዓቱ ያልቃል።

ከአራቱ 0 ዓመቶች አንዷ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ማስረጃዎቿን የያዘው ላስቲክ ጉልበቷ ላይ ነው። 900 ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ለ9 አካፈለች። 100 ሲወጣላት መደመሩን ተወችና በዓይኗ ብቻ የተገላበጡ ቁጥሮች ፍለጋ ወረደች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። እኔ ከጀርባዋ ቆሜ ነበር።

ቃለ መጠይቅ ላይ ጠየቅኋት። ቃለ መጠይቅ ላይ ሁሉንም ሰው «እርስዎ» እላለሁ፤ ወጣትም ቢሆን።

«ለ9 ያካፈሉት ለምንድን ነው?»

«ልዩነቱ ለ9 እኩል ከተካፈለ ቁጥር ተገላብጦ ሊሆን ይችላል። አጎቴ ሱቅ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው ያስተማሩኝ።»

አጎቷ ሱማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሁለት ዓመት ሒሳቡን ይዛለታለች። የዕለት ሽያጭ፣ ባንክ፣ ዱቤ። ሲቪዋን አየሁት፤ ስለዚህ አንድ ቃል የለም። «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» ይላል። ለምን እንዳልጻፈችው ስጠይቃት ፊቷ ቀላ። «የቤተሰብ ነው ብዬ ነው። ደብዳቤም የለኝ» አለች።

እዚህ ላይ በጣም አዝናለሁ። ማስታወቂያዎቻችን «ከግል ድርጅት የሚቀርብ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት» ይላሉ። ለሐሰተኛ ደብዳቤ መከላከያ ነው፣ ይገባኛል። ግን ልጆቻችንን የሠሩትን ሥራ ሥራ አይደለም ብለው እንዲያምኑ አድርጓቸዋል። ደብዳቤ የማይሰጥ ሥራ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል፤ ሲቪ ላይ ግን ይጻፍ። ደብዳቤ እንደሌለው በግልጽ ተናግሮ መጻፍ ውሸት አይደለም።

የዚያኑ ቀን ሌላ ነገርም ነበር። ጠያቂዎቹ ሦስት ነን። አንዱ ባልደረባዬ አንዷን ተወዳዳሪ «አግብተሻል? ለመውለድ ታስቢያለሽ?» አላት። ልጅቷ እኔን አየችኝ። ጥያቄውን እንድትተወው ነግሬያት ወደ ሌላ አለፍኩ። ከወጣች በኋላ ግን አልተውኩትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በፆታ፣ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፤ 30 ከመውለድ በፊት፣ 90 ከወለዱ በኋላ። ይህ የሚሰጠው እንደ ችሮታ አይደለም፣ መብቷ ነው። ወንዶቹን ማናቸውንም «ለመውለድ ታስባለህ?» ብሎ አልጠየቀም። ባልደረባዬ ክፉ ሰው አይደለም። እሱም ሲቀጠር የሰማውን ነው የደገመው። ከእንግዲህ ጥያቄዎቹ ቀድመው ተጽፈው ለሁሉም አንድ ዓይነት ይቀርባሉ፣ ተስማምተናል።

ቦታውን ያገኘው ባለ 46 ሠራተኛው ልጅ ነው። ይገባዋል። ፈተናውን ከሁሉም በላይ ሠርቶታል። ውሉን ሲፈርም «የሙከራ ጊዜው ስንት ነው? በጽሑፍ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ደስ አለኝ። ሕጉ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥና በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። የጽሑፍ ውል ባይኖር እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ተፈርሞ የተሰጠ መግለጫ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ብዙ አዲስ ተቀጣሪ ይህን ሳይጠይቅ፣ የቃል ተስፋ ይዞ ይገባል።

የሱማሌ ተራዋ ልጅ ሁለተኛ ወጣች። ተከራከርኩላት። «የልምድ ደብዳቤ የላትም» ተባለ፤ አልተሳካልኝም። ስሟን ግን ለሚቀጥለው ቦታ ለይቼ ይዣለሁ፤ ለእሷም እነግራታለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ከሰዓት በኋላ 17 ሰው ጋ ደወልኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጀ። የፈራሁትን ያህል አልነበረም። አንዱ ዝም ብሎ ዘጋ። አንዱ «ምን ጎደለኝ?» አለ፤ የባንኩን ክፍያ ከመዝገቡ ሳይቀንስ እንዳለፈው ነገርኩት። «ለዚህ ነዋ!» አለ። ብዙዎቹ አመሰገኑ። አንዲት ሴት ሌላ ቦታ «ነገ ግቢ» ተብላ የእኛን መልስ ስትጠብቅ እንደነበር ነገረችኝ። ነገ ትገባለች።

የሱማሌ ተራዋ ልጅ ጋ መጨረሻ፣ 11 ሰዓት ላይ ደወልኩ። ጀርባዋ ላይ የመኪና ጥሩምባና የብረት ድምፅ ይሰማል። ሱቅ ናት። እንዳላለፈች ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«እሺ። እንኳን ደወሉልኝ።»

ስልክ ላይ «እርስዎ» ማለቱ አልሆነልኝም። «ሁለተኛ ነው የወጣሽው» አልኳት። «ቦታ ሲከፈት እጠራሻለሁ። እስከዚያው ሌላም ቦታ አመልክቺ። እስክሪብቶ አለሽ? 0 ዓመት የሚለውን ሰርዢ።»

«በምን ልተካው?»

«ጻፊ። ከ2015 እስከ 2017፣ የመኪና መለዋወጫ መሸጫ፣ ሱማሌ ተራ። የዕለት ሽያጭ መመዝገብ። የባንክ ሒሳብ በየወሩ ማስታረቅ።»

«ቀስ ይበሉልኝ፣ እየጻፍኩ ነው።»

ደገምኩላት። «የዱቤ ደንበኞችን ሒሳብ መከታተል። ስንት ነበሩ የዱቤ ደንበኞቹ?»

«ወደ ሠላሳ።»

«እሱንም ጻፊው።»