ሀንግዡ፦ አሮጌው መድኃኒት ቤትና የወባው ቅጠል

ከሻንጋይ ወደ ኢዉ ዕቃ ለመግዛት የሚሄድ ነጋዴ የቻይናዋን ከተማ ሀንግዡን የሚያያት በባቡር መስኮት ነው። እኔ ግን ወረድኩ። ሁ ቺንግ ዩ ታንግ የሚባለውን አሮጌ መድኃኒት ቤት ለማየት ነበር።

የከፈተው ሁ ሹዌያን የተባለ ባለጸጋ ነጋዴ ነው፤ በ1874፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ግቢው ውስጥ ሙዚየም አለ። ሱቁ ግን ዛሬም ይሠራል። ሐኪም ያዘዘውን ሥር፣ ልጣጭና ቅጠል እየመዘኑ ይሰጣሉ። እዚያ ሁ ያሠራው አንድ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ እንዳታጭበረብሩ ይላል። ፊቱ ወደ ገዢው አይደለም፤ ወደ ሠራተኞቹ ነው። ልቤን ነካው። የደረቀ ሥር ትክክለኛው ይሁን ሌላ፣ በሽተኛ በምን ይለየዋል? በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ለማቅጠኛ በተሰጠ መድኃኒት አንዱ የቻይና ዕፅ በሌላ ተቀይሮ ገባ። የብዙ ሴቶች ኩላሊት ከጥቅም ውጭ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማዋ ሐይቅ ሄድኩ። በስተሰሜን ገሊንግ የሚባል ኮረብታ አለ። ስሙ የገ ሆንግ ነው፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ሐኪም። እዚህ መድኃኒት ይቀምም ነበር ይባላል። ለወባ ትኩሳት ቺንግሀው የሚባል ዕፅ አንድ እፍኝ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ እንዲጠጣ ጽፏል። ይቀቀል አላለም።

የወባ መድኃኒት ይፈልጉ የነበሩት ፕሮፌሰር ቱ ዩዩ፣ ሀንግዡ ያለችበት የዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ተወላጅ፣ ያስተዋሉት ይህንን ነው። ምናልባት ሙቀት ፈዋሹን ነገር እያጠፋው ይሆን አሉ። በ1971 ቅጠሉን ሳይቀቅሉ፣ ኢተር በሚባል ፈሳሽ፣ ፈዋሹን ነገር በዝቅተኛ ሙቀት አወጡት። ሠራ። ከቅጠሉ የወጣው መድኃኒት፣ አርቴሚሲኒን፣ በ2015 የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው።

ብዙ ሰው ይህን ሲያወራ ጥንታዊውን መጽሐፍ ብቻ ያወድሳል። እኔ የማደንቀው ቀጥሎ ያለውን ነው። መጀመሪያ እንስሳት ላይ ሞከሩት። በ1972 እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ራሳቸው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ነው ለበሽተኛ የሰጡት። በመድኃኒት ቤቱ መሳቢያዎች ካሉት ዕፆች ብዙዎቹ እንዲህ አልተፈተኑም። ቢፈተኑ እንዴት ደስ ባለኝ!

የተፈተነው እኛም ጋ ደርሷል። ኢትዮጵያ ከ2004 ጀምሮ (ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ፋልሲፓረም ለሚባለው አደገኛ የወባ ዓይነት ኮአርተም የሚባል ክኒን ትሰጣለች። ውስጡ ሁለት መድኃኒት አለ። አንደኛው ከዚያ ቅጠል የመጣው አርቴሜተር ነው፤ ጥገኛውን ተውሳክ ቶሎ ይቀንሳል። ሁለተኛው ሉሜፋንትሪን የተረፈውን ይጠርጋል። እሱም የተገኘው ቻይና ነው፤ ግን ከዕፅ ሳይሆን ከላብራቶሪ።