«እንኳን ማረህ» ብቻ አይበቃም

ደሴ ውስጥ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የቅዳሜ የሙዚቃ ፕሮግራም አዘጋጅ ነበርኩ። በፈረንጆቹ 2013 የእንግሊዛዊው ዘፋኝ የዴቪድ ቦዊ «ዘ ኔክስት ዴይ» አልበም ወጣ። ሰውዬው በ2004 ለኮንሰርት እየዞረ ሳለ ልቡን ታሞ ከመድረክ ርቆ ነበር። አዲስ አልበም ካወጣ አሥር ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በ66ኛ የልደት ቀኑ ድንገት አንድ ዘፈን ለቀቀ። አልበሙን ኒውዮርክ ውስጥ ከፕሮዲውሰሩ ቶኒ ቪስኮንቲ ጋር በድብቅ ነው የሠራው። ሙዚቀኞቹ ሳይቀሩ ምስጢር ሊጠብቁ ፈርመዋል።

የእንግሊዝ ሃያሲዎች አበዱ። አምስት ኮከብ ከአምስት የሰጡት አሉ። አልበሙም እዚያ አገር አንደኛ ወጣ። እኔም ደጋግሜ ሰምቼ ስክሪፕቴን ጻፍኩ። ያማረውን አደነቅኩ። ግን አልበሙ እንደተንዛዛ፣ መሃል ላይ ያሉት ዘፈኖች የራሱን የድሮ ሥራ እንደሚመስሉ፣ ከሙገሳውም ገሚሱ ለመመለሱ እንጂ ለዘፈኖቹ እንዳልሆነ ጻፍኩ።

ኤዲተራችን ቀይ እስክሪብቶውን አነሳና እነዚያን መስመሮች ሰረዛቸው።

«ጋሼ፣ ምነው?»

«ከሕመም የተነሳ ሰው እንኳን ማረህ ይባላል እንጂ ይተቻል እንዴ?»

«ዘፈኑን እኮ ነው የተቸሁት።»

«ስማኝ አንተ ልጅ። በ77 የረሃባችን ፊልም እንዲታይ ብሎ አንድ ዘፈኑን የተወ ሰው ነው። ወሎ ተቀምጠን እሱን እናጣጥል?»

ይሄኛው ነካኝ። እውነቱን ነው። ሐምሌ 1977 ለንደን ዌምብሌይ፣ ለረሃባችን ገንዘብ በተሰበሰበበት በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት መድረክ፣ ቦዊ ከተመደበለት ሰዓት ቀንሶ ፊልሙ እንዲታይ አድርጓል። ወሎ ውስጥ ደግሞ 77 የየቤቱ ሐዘን ነው። ቢሆንም አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም። ውለታውን ፕሮግራሙ ሲከፈት መናገር እንችል ነበር። ውለታ ግን ዘፈን አያሳምርም።

እኛ እኮ የባቲና የአምባሰል ሰዎች ነን። ሰርግ ቤት አዝማሪው ከቅኝት ሲወጣ፣ ጥግ የተቀመጡት እናት ፊታቸውን ቅጭም አድርገው «ኧረ አቃናው ልጄ» ይሉታል። እንዲህ ያለ ጆሮ ይዘን ለተመለሰ አንጋፋ ሲሆን ለምን ዝም እንላለን? የራሳችንንም ትልልቅ ዘፋኞች እንዲሁ ነው የምናደርጋቸው። ስንት ዓመት ጠፍተው አልበም ሲያወጡ አጨብጭበን እንሸኛቸዋለን። የትኛው ዘፈን እንደተሳካ፣ የትኛው እንዳልተሳካ የሚነግራቸው የለም። ይህ ለእኔ አክብሮት አይደለም።

ፕሮግራሙ ሙገሳውን ብቻ ይዞ ተላለፈ። መጨረሻ ላይ ከኮምቦልቻ አንድ አድማጭ ደወለ። «ሁሉም ቆንጆ ነው አላችሁ። ታዲያ ከየትኛው ልጀምር?» አለ። ሰዓታችን አልቆ ስለነበር ሳይመለስለት ቀረ። እኔ «ዌር አር ዊ ናው»ን እለው ነበር፤ በልደቱ ቀን የለቀቀውን። ዝግ ያለ ዘፈን ነው፤ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የኖረባትን በርሊንን ያነሳል። ድምፁ ሳስቷል፣ መሳሳቱንም አልደበቀም። መሃል ያሉትን ግን ቢዘላቸው ምንም አይቀርበትም።