«ብር አልጠይቅህም»

ከሐምሌ 2015 በኋላ ሥራዬ ቆመ። ፍኖተ ሰላም ላይ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፣ መስከረም ሲጠባ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሳይከፈቱ ቀሩ፣ መንገዱም አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል። ደብዳቤ የሚያስጽፍ ጠፋ። ኪራዩ ግን መቁጠሩን አላቆመም።

በቴሌግራም ቀኑን ሙሉ ስንሳሳቅ የምንውል የአዲስ አበባና የባሕር ዳር ልጆች ድምፃቸው ቢጠፋ አልገረመኝም፤ ኔትወርክ የለማ። የከነከነኝ እዚሁ ከተማ ያሉት ናቸው። ማታ ማታ ማኪያቶ አብረን የምንጠጣ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ስልካቸውን አውጥተው ማየት ጀመሩ።

ክፋት ነው ብዬ ለመደምደም ከበደኝ። እነሱም ኑሮ ጠምዷቸዋል። እኔን ሲያዩ የሚመጣባቸው «አበድረኝ» የምላቸው ነው፤ እምቢ ማለት ያሳፍራል፣ እሺ እንዳይሉ የላቸውም፣ ስለዚህ ይሸሻሉ። እኔም ቀደምኳቸው። ያገኘሁትን ሁሉ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ «ስማ፣ ብር አልጠይቅህም። የእናቴን ጤፍ ግን ናና አብረን እንጨድ» አልኩት።

እናቴ ያለችው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በእግር በሚደረስበት የጃቢ ጠህናን ገጠር ነው። ጤፍ ደርሶ ከቆየ ይረግፋል፣ የቀን ሠራተኛ ለመቅጠር ደግሞ አቅም የለም። ቀኑን የኅዳር ሚካኤል ማግስት አደረግነው። ቅዳሜና እሑድ እንዳናደርገው በኛ አገር ሰንበት ነው፣ ማጭድ አይነሳም። ስለዚህ የሚመጣ ሰው ከሥራው ቀርቶ፣ የቀን ገቢውን ትቶ ነው የሚመጣው። ደቦ ከወንፈል የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ወንፈል ነገ በተራህ ትመልሰዋለህ፣ ለአቅመ ደካማ የሚወጣ ደቦ ግን ብድሩን የሚቆጥርበት የለም።

ከሸሹኝ መካከል ግማሽ ያህሉ መጡ! ከልጅነታቸው ወዲህ ማጭድ ያልነኩ የቢሮ ሰዎች ወገባቸውን ይዘው እስከ ማታ አጨዱ፣ የእናቴን ጠላ ጠጡ፣ እንደ ድሮው ተጫወትን። ከእነዚህ ጋር እስከ ዛሬ አለን። ሰው ሲርቅህ ከመቀየምህ በፊት የሚፈራውን ነገር አንሣለት የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። አልፎ አልፎ ፍርሃቱ ቢነሣለትም የማይመጣ አለ፤ አብሮ አደጌ፣ በጣም የምቀርበው ሰው፣ እሺ ብሎ ቀረ፤ ለምን እንደቀረም ነግሮኝ አያውቅም። ሱቄ ዳግም ሲከፈት ተመልሶ መጣ። ቡና እንጠጣለን፣ ጉዳዬን ግን አላወራውም።

ያን ቀን ማንም ሳይቀድመው የደረሰው ሱቄ በር ላይ ጫማ የሚጠግነው ልጅ ነበር። ከሰላምታ ያለፈ ቅርበት አልነበረንም፤ አልጠራሁትምም፣ ከሰው ሰምቶ ነው። የራሱን ማጭድ ይዞ መጣ። በኋላ ወንድ ልጅ ስንወልድ፣ በ40 ቀኑ ክርስትና ያነሣልን እሱ ነው።