አሞራ ገደል ላይ የወደቅኩት ፈተና

ሐዋሳ የሄድኩት የእጮኛዬን አባት ልተዋወቅ ነው። እሷ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቃኛለች፤ «አባዬ ወሬ አያበዛም፣ አንተም አደራህን አታብዛ።»

ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ አዘዝን። ጥብሱ ከነጭንቅላቱ መጣ፣ ዳጣው ከጎኑ። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ አሞራ፣ ራሰ በራውን አቀርቅሮ እንደ ፈታኝ ያየኛል። ዝምታው ጨነቀኝና «ጋሼ፣ እኔ እኮ የስድስት ኪሎ ልጅ ነኝ» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ግን የተማርኩት ማታ ነው። ከሥራ ሮጬ እየገባሁ፣ ታክሲ ሳይጠፋ ሮጬ እየወጣሁ፣ ግቢውን በፀሐይ ያየሁት ለምዝገባ ብቻ ነው። ይቺን ዋጥኳት።

የጋሼ ፊት በራ። «እኔም እዚያው ነበርኩ! በ1967 ለዕድገት በኅብረት ዘምቼ መጥቼ ነው እዚህ የቀረሁት። ለመሆኑ የጃንሆይን መኝታ ቤት አየኸው?»

ወጥመድ መሰለኝ። ሳቅ ብዬ «ኧረ ጋሼ፣ ጃንሆይ ዩኒቨርሲቲ ምን ሊሠሩ ያድራሉ?» አልኩ።

እጮኛዬ እግሬን ረገጠችኝ። ለካ ግቢው ራሱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር! ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ነው ጃንሆይ ለትምህርት የሰጡት፤ በ1943 የተከፈተው ኮሌጅም በ1954 ስማቸውን ይዞ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። መኝታ ቤታቸው መታጠቢያው ሳይቀር ዛሬም ሙዚየሙ ውስጥ አለ። እኔ ስንት ዓመት በበሩ ሳልፍ የዲን ቢሮ ይመስለኝ ነበር።

«ደረጃውስ?» አሉኝ። ያ ወጥቶ ወጥቶ የትም የማያደርሰው። እሱንማ አውቀዋለሁ፣ ሥሩ ተቀምጬ ሳምቡሳ በልቻለሁ! «ለምርቃት ፎቶ እንዲመች የተሠራ ነው» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

ጋሼ የጎረሱትን መዋጥ አቃታቸው። «ልጄ፣ ጣሊያን ነው የሠራው። አንድ እርከን ለአንድ የፋሺስት አገዛዝ ዓመት እያለ። ሲባረር የኛ አንበሳ ጫፉ ላይ ወጣበት።»

አንገቴን ደፋሁ። አባ ኮዳው ይህችን ነበር የሚጠብቀው፤ ላፍ አድርጎ የዓሣዬን ጭንቅላት ይዞ ሄደ።

«ዶርምህ ስንት ቁጥር ነበር?» አሉኝ ጋሼ እንባቸውን እየጠረጉ።

«ማታ ነው የተማርኩት ጋሼ።»

ልጃቸውን ሰጥተውኛል፣ ተመስገን። ስልክ ሲደውሉልኝ ግን እስከ ዛሬ ሃሎ ብለው አያውቁም፤ «ጃንሆይ የት አደሩ?» ነው የሚሉኝ።