አምባዛው ከየት መጣ?

ነገሩ የተጀመረው በጾም ሰሞን ነው። እቴቴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ለዓሣ ኮተሌት የሚሆናትን ሥጋ ከአንድ አከፋፋይ በካርቶን ትገዛለች። ካርቶኑ "ናይል ፐርች" ይላል። አንድ ቀን የቆየ ደንበኛዋ ሁለቴ ጎረሰና ሳህኑን ገፋ። "ይሄ አምባዛ ነው" አላት።

እቴቴ ሌሊቱን አልተኛችም። ናይል ፐርች ቅርፊት አለው፣ አምባዛ ግን የለውም። በኦሪት ሕግ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት አይበላም፤ ይህን የሚጠብቁ ብዙ ምእመናን አሉ። ነገሩ የብር ብቻ አልነበረም። ሰውን ሳያውቅ የማይበላውን አብልታው ሊሆን ነው። "አንቺ የተማርሽው ለዚህ አይደል? እወቂልኝ" አለችኝ።

የተማርኩት ባዮሎጂ ነው፣ የምሠራውም ቤተ ሙከራ ውስጥ። መጀመሪያ በዓይን ለመለየት ሞከርኩ። ትኩስ አምባዛ ቀላ ይላል፣ ናይል ፐርች ነጣ ይላል። ግን ቆዳው ተገፎ፣ ራሱ ተቆርጦ፣ በረዶ ውስጥ ከርሞ ሲወጣ ሁሉም አንድ ይመስላል። ስለዚህ ወደ ዲኤንኤ ሄድኩ።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በካናዳ የጌልፍ ዩኒቨርሲቲው ፖል ሄበርትና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ያቀረቡት ነው። ሲ ኦ አይ ከሚባለው የሚቶኮንድሪያ ጂን ላይ 650 ያህል የዲኤንኤ ፊደላት ይነበባሉ። ፊደላቱ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያዩ፣ ልክ እንደ ሱቅ ዕቃ ባርኮድ፣ ከመረጃ ቋት ጋር ሲነጻጸሩ የዓሣውን ስም ያወጣሉ። በ2008 ሁለት የኒውዮርክ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 60 ናሙና ከየሱቁና ከየምግብ ቤቱ ሰብስበው በዚሁ መንገድ አስመርምረው ነበር። ከተለዩት ውስጥ ሩብ ያህሉ በሌላ ዓሣ ስም የተሸጡ ሆነው ተገኙ። ይህን ሳስታውስ ልቤ ሞላ።

ካርቶኖቹን እኔው ፊት አስከፈትኳቸው። ሥጋው ሌላ ቦታ ሳይነካ 12 ናሙና ወሰድኩ። ለማመሳከሪያ ደግሞ ራሱ ያልተቆረጠ አምባዛና ቆሮሶ፣ ናይል ፐርችም ከነቆዳው ገዛሁ። ከእያንዳንዱ የምስር ክክ የምታክል ሥጋ ይበቃል። የሚቆረጠው ግን ከውስጥ ነው፤ ላይ ላዩ የሻጩን ቢላና መክተፊያ ነክቷል። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ወዲያው 95% አልኮል ውስጥ ከተትኩት። ፎርማሊን እንዳትሞክሩ፣ ዲኤንኤውን ያበላሸዋል። ቁጥሩንም በእርሳስ ጻፉ። የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል፤ ሁለት ቱቦዎቼን በዚህ ምክንያት እንደገና ማዘጋጀት ነበረብኝ።

የከበደው ስህተቴ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ የቆረጥኩት አምባዛውን ነበር። ከዚያ ምላጩንና ወረንጦውን በአልኮል እየጠረግሁ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ምንም ዓሣ የሌለባትን መቆጣጠሪያ ቱቦም በዚያው ወረንጦ ነክቻታለሁ። ዲኤንኤውን ከሚያባዛው ፒሲአር በኋላ፣ ባዶ መሆን ያለባት ቱቦ ዲኤንኤ መኖሩን በመስመር በሚያሳየው ጄል ላይ ደብዛዛ መስመር አሳየች። "ትንሽ ናት" ብዬ አለፍኩ። ናሙናዎቹን ለንባብ ወደ ውጭ ላክሁ።

ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ መጣ። ኮምፒውተሩ ብዙዎቹን አምባዛ ብሏቸዋል። እቴቴ ነጠላዋን አጣፍታ አከፋፋዩ ጋ ልትሄድ ተነሳች። እኔ ዝርዝሩን ወደ ታች እያየሁ ነበር። የቆሮሶው መስመር ላይ ደረስኩ። በገዛ እጄ የቆረጥኩት፣ ቅርፊቱ ጣቴ ላይ ተለጥፎ የዋለው ቆሮሶ "አምባዛ" ይላል! ከመረጃ ቋቱ አምባዛ ጋር ያለው ተመሳሳይነትም 98% አልደረሰም። እያንዳንዱን ፊደል በአንድ ጫፍ የሚያሳየውን ግራፍ ከፈትኩት። አንድ ጫፍ መኖር ያለበት ቦታ ሁለት ጫፍ ተደራርቧል። የሁለት ዓሣ ዲኤንኤ ተቀላቅሏል ማለት ነው። በሩጫ ወጥቼ እቴቴን በር ላይ ያዝኳት።

አልኮል ጀርም ይገድላል እንጂ ዲኤንኤን አያጠፋም። ናሙናውን ራሱ የማስቀምጠው በአልኮል አይደል! ዲኤንኤን የሚያጠፋው በረኪና ነው፣ ያው የቤታችን በረኪና። በሁለተኛው ዙር ለእያንዳንዱ ናሙና አዲስ ምላጭ ተጠቀምኩ። ወረንጦውን በ10% በረኪና ነክሬ በንጹህ ውኃ አለቀለቅሁ። አምባዛውን መጨረሻ ላይ ቆረጥኩ። ፒሲአሩ መሃል መብራት ጠፍቶ አንዱ ዙር ተበላሸብኝ፣ ደገምኩት። ባዶዋ ቱቦ ምንም መስመር ሳታሳይ ምንም ነገር አልላክሁም።

ከ12ቱ 7ቱ ናይል ፐርች፣ 4ቱ አምባዛ ሆኑ። አንዱ አልተነበበም። አራቱም አምባዛዎች የወጡት ከአንድ ካርቶን ነው፣ ከናይል ፐርች ጋር ተደባልቀው። ስለዚህ መደባለቁ ከእቴቴ ኩሽና በፊት የሆነ ነው። ማን እንደደባለቀው ግን ዲኤንኤው አይናገርም። ዓሣው ከጫሞ ይምጣ ከባሮም አይነግረኝም።

አከፋፋዩን ጋሼ እያልኩ ወረቀቱን አሳየኋቸው። ዝም ብለው አነበቡት። "አቦ ልጄ፣ ለኔም ተገፎ፣ ታሽጎ ነው የሚመጣልኝ" አሉ። አመንኳቸው። በመጀመሪያው ወረቀት ሄደን ቢሆን ኖሮ ስማቸውን በከንቱ እናጠፋው ነበር፤ እሱን ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

ባዶ እጃችንን አልተመለስንም። ከዚያ ወዲህ ጋሼ የሚያመጡት ሥጋ ከጎኑ አንድ ጣት የሚያህል ቆዳ ከነቅርፊቱ ይተውበታል። እቴቴ ካርቶኑ ሲመጣ በረዶውን አራግፋ፣ በአውራ ጣቷ ከጅራት ወደ ራስ አቅጣጫ ትዳስሰዋለች። ቅርፊቱ ሲሻክራት ትቀበላለች። የተጠበሰው ኮተሌት ላይ ዲኤንኤው ስለሚቆራረጥ፣ ለሱ አጠር ያለውን የጂን ክፍል ለማንበብ እየተዘጋጀሁ ነው። ሳህኑን የገፋው ደንበኛም ተመልሷል። ከማዘዙ በፊት ግን ኩሽና ገብቶ ቆዳውን ያያል፤ እቴቴም ደስ እያላት ታሳየዋለች።